የአባቴን መርሴዲስ ለማን ልስጥ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አባቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ትተውልኝ ከሄዱት ነገር አንዱ የ2004 መርሴዲስ ኤስ 430 ነው። ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ሲያቆሙ ኖረው በስተመጨረሻ ለራሳቸው የገዙት መኪና ነው። ያገለገለ ነው የገዙት። ግን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በፊት ጨርቅ ይዘው ሲወለውሉት ዛሬም ይታየኛል። ታይትሉ፣ የባለቤትነት ወረቀቱ፣ በስሜ ዞሯል።

መኪናው 148,000 ማይል ሄዷል። ይነሳል፣ ይነዳል። ነገር ግን ሌሊቱን ቆሞ ካደረ የፊት ግራ ጎኑ ቁጭ ይላል። መካኒኩ ለማሠራት ከ1,500 ዶላር በላይ ይፈጃል ብሎኛል።

ወንድሜ "ለበጎ አድራጎት ስጪው፤ የመኪና ዋጋ የሚገምተው ኬሊ ብሉ ቡክ 4,000 ዶላር ይላል፣ እሱን ከታክስ ታስቀንሺበታለሽ" ይላል። ባለቤቴ ደግሞ "ደውይና በነጻ ጎትተው ይውሰዱልን፣ ቦታ ይለቀቅ" ይላል። የኔ ልብ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በደብራችን በቅርቡ በዲቪ የመጡ፣ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት አሉ። ባልየው የሌሊት ሥራ አግኝቷል። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ስለሌለ ሰው እየለመነ ነው የሚሄደው። መኪናውን ለነሱ ብሰጥ አባቴም ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። መሸጥ ግን አባቴን እንደመሸጥ ሆኖብኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የአባትሽን ነፍስ ይማር።

ወንድምሽ የሚያወራው ስለ ታክስ ነው። ባለቤትሽ የሚያወራው ስለ ቦታ ነው። ስለ ሰው ያነሳሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ስለዚህ ካንቺ ሐሳብ ልነሳ። ያንን ቤተሰብ መርዳት ትፈልጊያለሽ። ታዲያ ይህ መኪና ይረዳቸዋል ወይ? በግልጽ ልንገርሽ፣ አይረዳቸውም። መኪናውን ሽጪውና ገንዘቡን ስጫቸው። እንዲህ ስልሽ ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ፤ ምክንያቴን ላስረዳሽ።

ኤስ 430 በጊዜው የመርሴዲስ ትልቁ ሰዳን ነበር። ሞተሩ 4.3 ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው፤ ዘይቱ በወቅቱ ከተቀየረለት ብዙ ማይል የሚሄድ ጠንካራ ሞተር ነው። ችግሩ ያለው ከሥር ነው። ብዙ መኪና ክብደቱን የሚሸከመው በሞላ ነው፤ ይሄኛው የሚሸከመው በአየር ነው። በየጎማው ላይ አየር የሚይዝ የላስቲክ ከረጢት አለ። አንድ ኮምፕሬሰር ይሞላዋል። ላስቲኩ ሲያረጅ ይሰነጠቅና ያስተነፍሳል። ማታ ቀጥ ብሎ ያቆምሽው መኪና ጠዋት በአንድ ጎኑ ተቀምጦ የምታገኚው ለዚህ ነው። ስታስነሺው ኮምፕሬሰሩ ሲያጓራ ትሰሚያለሽ። ዳሽቦርዱ መኪናው በጣም ወርዷልና አቁሚ ይልሻል። ትንሽ ቆይቶ ቀስ እያለ ይነሳል። ኮምፕሬሰሩ ግን የሚያፈሰውን ለመሙላት ሲሠራ ስለሚውል እሱም አንድ ቀን ይቃጠላል። የፊት ግራውን ብታስቀይሪ የሦስቱ ጎማዎች ከረጢት ዕድሜ ያው ነው።

በዚያ ላይ የሚጠጣው ፕሪሚየም ቤንዚን ነው። ይህ መኪና አዲስ ሳለ እጅግ ውድ ነበር። ዛሬ የመኪናው ዋጋ ወርዷል፣ የመለዋወጫውና የእጅ ዋጋው ግን አልወረደም። ያረጀ የቅንጦት መኪና ሁሉ እንዲህ ነው። ገንዘብና ትዕግሥት ላለው፣ ወይም ራሱ ለሚጠግን ሰው ደስ የሚል መኪና ነው። ከሌሊት ፈረቃ ሲወጣ በዘጠኝ ሰዓት ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ተቀምጦበት ለሚያገኝ አዲስ መጤ አባወራ ግን ጭንቅ ነው። አገሩን ገና አያውቅም፣ የሚያምነው መካኒክ የለውም፣ የመጀመሪያ ደሞዙ ለቤት ኪራይ ነው የሚሄደው። አሜሪካ ውስጥ የመንዳት ታሪክ የሌለው ሰው የሚጠየቀው ኢንሹራንስ ራሱ ትልቅ ገንዘብ ነው።

ደግሞ ይሉኝታ አለ። ይህን የምለው የኛን ሰው ስለማውቅ ነው። የሟች አባቷን መኪና የሰጠቻቸውን እህት "ይቅርብን፣ አንችለውም" ብለው አይመልሷትም። ተቀብለው ያመሰግናሉ። ከዚያ ሲበላሽ ይደብቁሻል። ሸጠው ትንሽ መኪና እንዳይገዙ በየእሁዱ ትገናኛላችሁ፣ ምን ትለን ይላሉ። አንቺ ደስ ብሎሽ የሰጠሽው ነገር እነሱን ያስራቸዋል። ያንቺን ልብ አልጠራጠርም። ችግሩ መኪናው ነው። ያለሽ ቶዮታ ኮሮላ ቢሆን ኖሮ "ጎማውንና ፍሬኑን አሳይተሽ ዛሬውኑ ቁልፉን ስጫቸው" ነበር የምልሽ።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ። የነገረሽ ነገር ድሮ እውነት ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2005 በፊት ሰው መኪናውን ለድርጅት ይሰጥና የገበያ ግምቱን ከታክስ ያስቀንስ ነበር። በ2003 ለኮንግረስ የሚሠራው የምርመራ መሥሪያ ቤት፣ ጂ.ኤ.ኦ፣ የተወሰኑ ስጦታዎችን እስከ መጨረሻው ተከታትሎ አየ። ከሦስቱ ስጦታ በሁለቱ ድርጅቱ እጅ የገባው፣ ሰጪው ለታክስ ካስመዘገበው ዋጋ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነበር። በዓመቱ ሕጉ ተቀየረ።

ዛሬ አሠራሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ መኪናውን ተቀብሎ ከሸጠው፣ አንቺ ማስቀነስ የምትችይው የተሸጠበትን ዋጋ ብቻ ነው። ኬሊ ብሉ ቡክ 4,000 ቢልም ጨረታ ላይ 900 ካወጣ 900 ነው። ከ500 ዶላር በታች ከተሸጠ ደግሞ እስከ 500 ድረስ፣ ትክክለኛ የገበያ ዋጋው ከዚያ ካነሰ ያንን ማስቀነስ ይቻላል። ሙሉ የገበያ ዋጋውን ማስቀነስ የሚፈቀደው ድርጅቱ መኪናውን ራሱ በደንብ ሲጠቀምበት፣ ዋጋውን የሚጨምር ትልቅ ጥገና ሲያደርግለት፣ ወይም ለችግረኛ በነጻ ወይም በጣም በቅናሽ ሲሰጠው ነው። ሌሊት የሚቀመጥ መርሴዲስ ጨረታ ላይ ጥሩ ዋጋ አያወጣም። ጨረታ ላይ የሚገዙት ነጋዴዎች ይህን መኪና ከኔም ካንቺም በላይ ያውቁታል።

ይህም ቢሆን አይቴማይዝ ለሚያደርግ፣ ማለትም የሚያስቀንሰውን ወጪ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ለሚያስመዘግብ ሰው ነው። አብዛኛው ሰው ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚባለውን፣ ሳይዘረዝር የሚቀነስለትን የተወሰነ መጠን፣ ነው የሚወስደው። በ2025 ለባልና ሚስት 31,500 ዶላር ነበር። የሞርጌጅ ወለዳችሁ፣ የስቴት ታክሳችሁና ስጦታችሁ ተደምሮ ከዚያ ካላለፈ፣ የመኪናው ስጦታ ታክሳችሁ ላይ አንድ ዶላር አይቀንስም። ታክሳችሁን የሚሠራላችሁን ሰው "አምና አይቴማይዝ አድርገናል?" ብለሽ ጠይቂው። አላደረጋችሁም ካለሽ የወንድምሽ ክርክር እዚያው አለቀ።

አንድ አዲስ ነገር ግን አለ፣ ወንድምሽም ቢሰማው ጥሩ ነው። ከ2026 ጀምሮ አይቴማይዝ የማያደርጉ ሰዎችም ለበጎ አድራጎት የሰጡትን ማስቀነስ ይችላሉ። ያላገባ እስከ 1,000፣ አብረው ፋይል የሚያደርጉ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር። ይህ የሚሠራው ግን በገንዘብ ለተሰጠ ብቻ ነው። መኪና አይቆጠርም፣ ልብስና ዕቃም አይቆጠርም። እንግዲህ ልብ በይ፦ አይቴማይዝ ካላደረጋችሁ መኪናውን ብትሰጪ የታክስ ጥቅሙ ዜሮ ነው። ሸጠሽ ገንዘቡን ለድርጅት ወይም ለደብርሽ ብትሰጪ ግን ይያዝልሻል። 1,800 ዶላር ተሸጠ እንበል። 12 በመቶ ታክስ የሚከፍል ቤተሰብ ከዚያ 216 ዶላር ይተርፈዋል። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ስጦታ ደረሰኝ በጽሑፍ መቀበል እንዳትረሺ።

ለራሳቸው ለባልና ሚስቱ በእጃቸው የምትሰጪው ግን፣ መኪናም ሆነ ገንዘብ፣ ከታክስ አይቀነስም። ለግለሰብ የተሰጠ ስጦታ ነውና። አንዳንዱ ሰው "ለቤተ ክርስቲያኑ እሰጥና ለእገሌ ስጡልኝ እላለሁ" ይላል። ይህ አያስኬድም። ለተለየ ሰው ብለሽ በደብሩ በኩል ያሳለፍሽው ገንዘብ በሕጉ ዓይን ለሰውየው እንደሰጠሽው ነው። ደብሩ ለአዲስ መጤዎች የሚሆን የርዳታ ገንዘብ ካለው ለዚያ መስጠት ትችያለሽ። ማን ይረዳ የሚለውን ግን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

የኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ 216 ዶላሩን እርሺው። ገንዘቡን በፖስታ አድርገሽ ለቤተሰቡ ስጪ። 1,800 ዶላር ለነሱ የአንድ ትንሽ መኪና ግማሽ ዋጋ ሊሆን ይችላል፣ ወይም የብዙ ወር ኢንሹራንስ። ምን እንደሚያስፈልጋቸው ከኔም ካንቺም በላይ እነሱ ያውቃሉ። መኪና ሲመርጡ አብሯቸው የሚሄድ፣ ከሥሩ ገብቶ የሚያይ ሰው ከደብሩ ብታገኚላቸው ደግሞ ከገንዘቡ እኩል ይጠቅማቸዋል። አዲስ መጤ በመኪና ግዢ ላይ ነው በብዛት የሚታለለው።

ባለቤትሽም የራሱ እውነት አለው። የቆመ መኪና ኢንሹራንስ ይበላል፣ ባትሪው ይሞታል፣ አየሩ ወርዶ ጎማ ላይ ሲቀመጥ ሌላም ነገር ያበላሻል። ስለዚህ ለራስሽ ቀን ቁረጪ። አንድ ወር ተኩል በቂ ነው። እስከዚያ ካልተሸጠ እሱ እንዳለው ይጎተት፤ ግን የሚጎትተውን ምረጪ።

"መኪናዎን በነጻ እንወስዳለን" የሚለው ማስታወቂያ ከብዙ ቦታ ይመጣል። ብዙዎቹ ድርጅቶች ሥራውን ራሳቸው አይሠሩትም። ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ ስልኩን ያነሳል፣ ያስጎትታል፣ ጨረታ ያወጣል። የመጎተቻውን፣ የማስታወቂያውንና የራሱን ድርሻ ቆርጦ የቀረውን ለድርጅቱ ይልካል። አንዳንዱ ጋር ደግሞ መኪናው ስንትም ይሸጥ ድርጅቱ የሚያገኘው የተቆረጠ ገንዘብ ነው። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም። አንድ ትንሽ ድርጅት ጎታች መኪና ሊኖረው አይችልም። ግን መጠየቅ መብትሽ ነው። ደውይና "መኪናዬ 1,000 ዶላር ቢሸጥ እናንተ እጅ ስንት ይገባል?" በያቸው። በቁጥር ከመለሱልሽ ጥሩ። "ብዙ ልጆችን እንረዳለን" ብለው ወሬውን ካዞሩት አመስግነሽ ስልኩን ዝጊ። ድርጅቱ የሚሰጡትን ሰዎች ከታክስ ማስቀነስ የሚያስችል መሆኑን በፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ በአይ.አር.ኤስ፣ ድረ ገጽ ላይ በስሙ ፈልገሽ ማየት ትችያለሽ። ቤተ ክርስቲያን ግን ዝርዝሩ ውስጥ ባይገኝም ሕጉ ይቀበለዋል።

ሜሪላንድ ውስጥ ስላለሽ ደግሞ ቪሂክልስ ፎር ቼንጅ ጋ መጀመሪያ ደውይ። ከ1999 ጀምሮ የሚሠራ ድርጅት ነው። የተሰጠውን መኪና ይጠግንና መኪና ለሌላቸው ሠራተኛ ቤተሰቦች በአነስተኛ ዋጋ ይሰጣል። ከእስር የወጡ ሰዎችንም ጋራዡ ውስጥ መካኒክነት ያሠለጥናል። ለቤተሰብ የማይሆነውን መኪና ይሸጠዋል፤ ያንቺም ከዚያ ወገን የሚመደብ ይመስለኛል። ቢሆንም ገንዘቡ ልብሽ ያለበት ሥራ ላይ ነው የሚውለው። ያ ባልና ሚስትም በዚህ ድርጅት በኩል መኪና ለማግኘት መስፈርቱን ያሟሉ እንደሆነ ጠይቂላቸው።

በስጦታ ከሄደ ወረቀቱን ያዢ። ድርጅቱ መኪናውን በሸጠ በ30 ቀን ውስጥ የተሸጠበትን ዋጋ የሚያሳይ ፎርም 1098-ሲ ሊልክልሽ ይገባል፤ ከ500 ዶላር በላይ ልታስቀንሺ ከሆነ ያ ፎርም ከታክስሽ ጋር ይያያዛል። ለሚያስጎትቱሽም መኪናው በአየር የሚቆም መሆኑን ንገሪያቸው። በሰንሰለት ጎማውን አንጠልጥሎ የሚወስድ ሳይሆን ጠፍጣፋ ጀርባ ያለው መኪና ይላኩ።

አሁን ከበድ ወዳለው ልምጣ፣ "አባቴን እንደመሸጥ ሆኖብኛል" ወዳልሽው።

አባትሽ የሰው መኪና ሲያቆሙ ኖረው የራሳቸውን ገዙ። የሰው መርሴዲስ ቁልፍ በእጃቸው ሲገባና ሲወጣ ስንት ጊዜ እንደቆዩ አስቢ። ያንን መኪና ሲወለውሉ የነበሩት ሰው ልፋታቸውን ነበር የሚያዩት። ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም፣ አንቺም መሸጡ ቢከብድሽ አይገርመኝም። ግን እሳቸው ይህን መኪና ሲነዳ፣ ሲያብረቀርቅ ነው የወደዱት። ዛሬ ቆሞ በአንድ ጎኑ ተቀምጧል። ለጎታች ብትሰጪው ጨረታ ገብቶ፣ ለመለዋወጫ ተፈታቶ ሊያልቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሞዴል ለሚወድ ሰው ብትሸጪው ግን ከረጢቱን ይቀይርለታል፣ ይነዳዋል፣ እሱም ይወለውለዋል። ለመኪናው የሚሻለው መሸጡ ነው።

ስለዚህ ገዢውን ምረጪ። አሮጌ መርሴዲስ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ የመርሴዲስ ቤንዝ ክለብ ኦፍ አሜሪካ የሚባል የባለቤቶች ማኅበር አላቸው፣ መኪና ሲፈልጉ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ማስታወቂያው ላይ እውነቱን ጻፊ። "የፊት ግራ አየር ያፈሳል፣ አድሮ ይቀመጣል" በይ። ተቀምጦ ሳለ አንድ ፎቶ፣ ተነስቶ ሳለ አንድ ፎቶ አንሺው። አባትሽ ያስቀመጧቸው የሰርቪስ ወረቀቶች ካሉ ፎቶ አንስተሽ ጨምሪ፤ ለዚህ ዓይነት ገዢ ያ ወረቀት ዋጋ አለው። የሚያውቀው ሰው እውነቱን ሲያነብ አይሸሽም፣ እንዲያውም ያምንሻል። የማያውቅ ወጣት በመልኩ ተማርኮ ከመጣ ደግሞ የጥገናውን ዋጋ ንገሪው። ካንቺ ቤት ጉድ ሆኖ አይውጣ።

ከመለጠፍሽ በፊት አንድ ነገር አስደርጊ። መካኒኩን የኮምፕሬሰሩን ሪሌ፣ ኤሌክትሪኩን የምታበራና የምታጠፋለትን ማብሪያ፣ አይቶታል ወይ ብለሽ ጠይቂው። ትንሽ፣ ርካሽ ዕቃ ናት። እሷ ስትበላሽ ኮምፕሬሰሩ ወይ አይነሳም ወይ አያቆምም። ከረጢቱን አትጠግንም፣ ግን ኮምፕሬሰሩን ልታድን ትችላለች፤ ገዢ ሲመጣ መኪናው መነሳቱ ብቻውን ዋጋውን ይለውጠዋል። 1,500 ዶላር አውጥተሽ ሙሉ ጥገና ግን አታድርጊ፤ ገንዘቡ አይመለስም።

ገዢ ሲመጣ ባንክ ውስጥ ተገናኙ። ገንዘቡ እዚያው ይቆጠር፣ ቼክ ከሆነም ባንኩ ያረጋግጠው። ታይትሉ ላይ የገዢውን ስም ሳትጽፊ በባዶው ፈርመሽ አትስጪ፤ መኪናው በስምሽ እየዞረ ዕዳው ላንቺ ይመጣል። ሜሪላንድ ውስጥ ገዢው በስሙ ለማዞር ሴፍቲ ኢንስፔክሽን የሚባለውን የመኪና ደህንነት ምርመራ ማለፍ ስላለበት፣ አየሩ ሳይሠራ ላያልፍ እንደሚችል አስቀድመሽ ንገሪው።

ከመስጠትሽ በፊት የመቀመጫ ኪሱን፣ የፊት መሳቢያውንና የኋላ ኮፈኑን በደንብ ፈትሺ። አባቶች መኪና ውስጥ ብዙ ነገር ያስቀምጣሉ። ለራስሽ የምታስቀሪው ነገር ካለ የዚያን ቀን ሳይሆን ቀደም ብለሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ አውጪው። ለቤተሰቡም ፖስታውን ስትሰጪ "ከአባቴ ነው" በያቸው፤ የሙት ዓመታቸው እየቀረበ ስለሆነ ከዚያ ጋር ብታደርጊው ለነሱም መቀበሉ ይቀላቸዋል።

ታርጋውን ደግሞ አውልቂና ለሜሪላንድ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት፣ ለኤም.ቪ.ኤ፣ መልሽ። ደረሰኙን ያዢ። ኢንሹራንሱን የምትሰርዢው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀድመሽ ከሰረዝሽው ሜሪላንድ ቅጣት ትልክልሻለች።